ፊታውራሪ ገበየሁ የወደቁት የት ነው?

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጦር አዛዥ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ አስተያየት ከሰጡት ወገኖች ብዙዎቹ፣ ጀግናው ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው የአምባላጌ ውጊያ እንደ ተሰዉ ጽፈዋል። የጀግናውን ስም ማንሳታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የጦር ሜዳው ግን ተሳስቷል። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የወደቀው የኢጣሊያው አዛዥ ሻለቃ ቶዜሊ ነው፤ ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያ ውጊያ ግንባር ቀደም ሆነው ተዋግተው በሕይወት ወጥተዋል። የተሰዉት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። ሁለቱ ውጊያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ መዋላቸው ሳያደናግር አልቀረም። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል ከፍቶ የዓድዋን ውጊያ ትረካ ይመልከት። ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ አምባላጌ ላይ ሞቱ ካልን፣ ሕይወታቸውን የሰጡበትን የዓድዋን ተጋድሎ ከታሪካቸው እንፍቃለን።