ለቁራሌው የሰጠናት መርከብ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከእናንተም ከራሴም ተጣልቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ የሰፈራችን ሽማግሌ አረፉ። "ኢትዮጵያ" በምትባለው የባሕር ኃይል መርከብ ሞተር ክፍል የሠሩ ሰው ነበሩ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ልጆቻቸው ቤቱን ሊያከራዩ ዕቃ አወጡ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቁራሌው ደጃፉ ላይ ማዳበሪያውን ዘርግቶ ይመዝናል። የናሱ የኮፍያ አርማ ከተሰበረ ቧንቧ ጋር ተመዘነ። ነጩ የደንብ ልብስ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቀለለ። መጨረሻ ላይ አንድ ፎቶ ወጣ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። መርከቧ ምጽዋ ቆማለች። ከፊቷ አምስት ወጣቶች ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል፤ አንደኛው ፀሐይ ወግታው ዓይኑን ጨፍኗል። ቁራሌው የፈለገው ፍሬሙን ብቻ ነበር።

ሰውየው በረንዳቸው ላይ ሲያወሩ ከመርከቧ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በፊት ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች፤ ከዚያ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ልታገለግል ፓስፊክ ገባች። ነዳጅ ታጠጣቸዋለች፣ የተጎዳውን ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታሳድራለች። "እናት ነበረች" ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ፊሊፒንስ ውስጥ ኦርሞክ ላይ ኩፐር የተባለች የጦር መርከብ በቶርፔዶ ተመትታ ደቂቃ ሳይሞላት ሰመጠች። ከኦርካ አውሮፕላኖች አንዱ፣ ካታሊና የሚሉት ዘገምተኛ ነገር፣ ጠላት እያየው ውሃው ላይ አርፎ 56 ሰው ጭኖ ተነሳ። በወሩ ኦርካ ራሷ እዚያው ፊሊፒንስ ወዳለው ሊንጋየን ስትሄድ ካሚካዜ፣ አብራሪው ራሱን ሊያጠፋ ከመርከብ ጋር የሚያላትመው የጃፓን አውሮፕላን፣ አጠገቧ ተከሰከሰ። ሰዎቿ ቆሰሉ፣ እሷ ግን መንገዷን አላቋረጠችም።

በጥር 1954 ዓ.ም. እኛ ተረከብናት። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገሩ ሲናጥ ወደ የመን ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። 95 ሜትር ብረት! ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሲኒያቸውን ያስቀምጡና ዝም ይላሉ።

የየመኑን እሺ፣ ጦርነት ነው፣ ስደት ነው እንበል። የቅዳሜውንስ ምን እንበለው?

በየቀኑ ስለ ባሕር በር ፌስቡክ ላይ እንሰዳደባለን። በዚያ ባሕር ላይ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው ደጃችን ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ግን ስንቶቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠየቃችሁት? "እንደምን አደሩ" ብላችሁ አለፋችሁ። ሲሞቱ ድንኳን ተከላችሁ፣ ንፍሮ በላችሁ፣ አበቃ። ልጆቻቸውን አልወቅስም፤ ኪራዩ ቸግሯቸው ነው።

እኔስ የት ነበርኩ? እዚያው። ሁለት ቀዳዳ ጀሪካን ይዤ ተራዬን እየጠበቅኩ። ፎቶውን አየሁት፣ አወቅሁት።

"ስንት ነው?"

"200።"

"100 ይሁን።"

"አያዋጣኝም ጋሼ።"

ጀሪካኖቼን ሸጬ ገባሁ። ቡና ጠጣሁ። ሐሳቤን ቀይሬ ስወጣ ሄዷል። የዚያን ዕለት ማታ ጓደኞቼን ድራፍት ጋብዣለሁ፤ ሒሳቡን ባልነግራችሁ ይሻላል። ስለዚህ ስቆጣችሁ ከእናንተ ተሽዬ አይደለም።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ነጭ ለብሶ የተነሳ አባት ወይም አጎት ካለ፣ ፎቶውን አውርዳችሁ ከጀርባው ስሙን ጻፉበት። መርከቡን፣ ዓመቱን፣ አጠገቡ የቆሙትን ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት እያለ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ ሳይሆን፣ ዝም ማለቱ ስላስጠላኝ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ "ቁራሌው!" ሲባል ቀድሜ በር ላይ እገኛለሁ። "ፎቶ የለም?" እለዋለሁ። ለምዶኛል፣ ሳይጠየቅ ማዳበሪያውን ይከፍትልኛል። እስካሁን ጠርሙስና አሮጌ ጫማ ነው።