ኪሱን የረሳ

ወገኖቼ፣ ከእናንተ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆንኩ ከረምኩ። ከራሴም ጋር።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ነው፣ ካዛንቺስ ልትፈርስ ቀናት ሲቀሩ። አንዲት አዝማሪ ቤት የመጨረሻ ማታዋ ነው ተባለና ሄድኩ። በረኛው «ቦታ የለም» አለኝ። በዚያ በር ላይ «ቦታ የለም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ደህና በሚባል ማታ እንኳ አሥር ሰው ብንሆን ነው።

ተጋፍቼ ገባሁ። ጋሼ ማሲንቋቸውን ይዘው መሃል ቆመዋል። የሚያጨበጭብ የለም፣ ሁሉም ስልኩን አንሥቷል። አንዱ ወጣት ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ሊፈርስ ነው! ትንሽ አልቅሱልን፣ ለቲክቶክ ነው» አላቸው።

ይህንን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ጋሼ አላለቀሱም። ፈገግ አሉና ክሩን ሳብ አደረጉት፦

ቤቴን ሞላው ዛሬ ስልኩን እያነሣ፣
እጁ ተይዞበት ኪሱንም የረሳ።

ሳቅን! «ተቀበል! ተቀበል!» እያልን ጮህን። ቅኔው እኛኑ ነበር የመታው፣ እኛ ግን ለቪዲዮው ጥሩ ሆነልን ብለን ተደሰትን። የአዝማሪ ደሞዙ ሽልማት ነው። ግንባሩ ላይ የምትለጠፈዋ ብር ናት የቤት ኪራይ የምትከፍለው። ያን ማታ የጋሼ ግንባር ላይ ላብ ብቻ ነበር።

እኔስ? ኪሴ ውስጥ ሁለት መቶ ብር ነበረችኝ። ለራይድ አስቀረኋት። ቪዲዮውም አለኝ፣ 42 ሰከንድ። በማግስቱ «ቅርሳችን» ብዬ ለጠፍኩት፤ ላይኩ ጎረፈ።

አሁን ደግሞ መሃል ከተማ ላይ የኪነ ጥበብ መንደር ይሠራ እንላለን። ይሠራ፣ ማን ጠላ? መብራቱም አግዳሚ ወንበሩም ያምራል። ግን ያን የድሮ የጭፈራ ሰፈር፣ ውቤ በረሃን፣ ውቤ በረሃ ያደረገው መብራት ነበር እንዴ? ማታ ማታ የሚመጣ፣ የሚጠጣ፣ የሚሸልም ሰው ነበር። ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለልን። ትኬት ቆርጣችሁ የገባችሁት መቼ ነው? የጃዝ ክለቡ ጃዝ አምባ በ2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ሲጠፋ «ወይኔ!» ያልነው ብዙ ነን። ከዚያ በፊት በሩን ያልረገጥነውም ያው እኛው ነን።

ለፈረሰው ነገር ሁሉ የሚወቀስ ሌላ ሰው አናጣም። አፍራሹ የራሱን ይመልስ። እኔ ግን የማወራው ከመፍረሱ በፊት ባዶ ስለነበረው ወንበር ነው፤ እሱ የኔና የናንተ ነበር።

ጋሼ ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎች የሰፈሩበት ገላን ጉራ አካባቢ ናቸው አሉ። ቅዳሜ ማታ አንዲት ጠባብ ቤት ይጫወታሉ፣ ሰው ግን የለም። ቁጥራቸውን ካገኘሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አልደወልኩም፣ አፍሬ።

የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ ብያለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔም ሰነፍ ነኝ። የምትመጡ ካላችሁ ሁለት ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ እንገናኝና ታክሲ እንጋራለን። ዝርዝር ብር ያዙ።