አቧራው የልማት ዋጋ ሳይሆን ያልተሰራ ስራ ነው

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ስለ መንገዱ ስራ አቤት ሊል ተሰብስቦ ነበር። አቧራው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ማሽን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚበረው ሲኖትራክ፣ ያልተነሳ ነገር የለም። መልስ ሊሰጥ የተቀመጠው የፕሮጀክቱ ሀላፊ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ልማት ያለ አቧራ አይመጣም፣ ፋሲል ግንብ ሲሰራስ አቧራ አልነበረም ወይ ብሎ መልሶ እኛኑ ጠየቀን። ያጨበጨበም ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

በፋሲል ከመጣማ እንነጋገር። አጼ ፋሲል ጎንደርን በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሩ ድንጋዩ በእጅ ተጠርቦ በኖራ ነው የተገነባው። ሲኖትራክ የለ፣ ኮምፕረሰር የለ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በሰው መስኮት ስር አስፋልት የሚሰብር ጃክ ሃመር የለ። ምኑ ከምኑ ጋር ነው የሚወዳደረው? የጎንደር ሰው የፋሲል ስም ሲጠራ ዝም ይላል ተብሎ ከሆነ ተሳስተዋል። ለግንቡ የሚቆረቆር ሰው እኮ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት አፉ እስኪሞላ የተጫነ ገልባጭ በዛ በኖራ በቆመ አጥር አጠገብ እንዳይከንፍ መከልከል ነበር፣ ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ቅርስ ለመፈክር ብቻ ነው እንዴ የሚያስፈልገው?

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስለ ውሃ የተባለው ነው። አንዲት እናት ቢያንስ ጠዋትና ማታ ውሃ እርጩልን ብለው ሲለምኑ፣ ከተማው የሚጠጣ ውሃ አጥሮት እያለ መንገድ ላይ ውሃ ስንደፋ ህዝቡ ምን ይለናል ተባሉ። ይሄን የሰማ ሰው እውነት ይመስለዋል፣ የጎንደርን የውሃ ችግር የማያውቅ የለማ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ያልዞረ ማን አለ። ግን መንገድ ስራ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ያፍራል። ገረጋንቲ፣ ከአስፋልቱ ስር የሚነጠፈው አፈር ማለት ነው፣ ያለ ውሃ አይጠቀጠቅም! ደረቅ አፈር ላይ ዳምጠው የሚባለው መጠቅጠቂያ ማሽን ቀኑን ሙሉ ቢመላለስ አፈሩ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ እርጥበቱ ልኩ ላይ ካልደረሰ መሀንዲሱም አይፈርምም፣ ኮንክሪትም ያለ ውሃ አይቦካም፣ ከቦካ በኋላም ለቀናት ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውሃው አለ። ቦቴው በየጠዋቱ ይመጣል፣ እኛም በአይናችን እናየዋለን፣ ዳምጠው የሚሄድበትን ንጣፍ ያጠጣና ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለውን፣ ህዝቡ የሚሄድበትን፣ ህጻናት ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበትን ዱቄት የሆነ አፈር ሳይነካ ዞሮ ይሄዳል። ለአፈሩ የተገኘ ውሃ ለሰው ሳንባ ሲሆን ጠፋ ማለት ነው። ደግሞስ አቧራ ማጥፊያ የቧንቧ ውሃ ይሁን ያለ ማን ነው፣ ለጥቅጠቃ የሚቀዱበት ቦታ ለዚህ ምን ያንሰዋል?

የእግረኛ መንገዱ ላይ ንጣፍ ድንጋይ የሚቆርጡትን ልጆች አይታችኋል? ግራይንደሩን ይዘው ቁጢጥ ይላሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ያለችው የታሰረች ሻርፕ ብቻ ናት፣ ምላጩ ድንጋዩን ሲነካ ነጭ ጭስ የመሰለ አቧራ ይነሳና ልጁ ራሱ አይታይም። ከድንጋይ የሚወጣው ያ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለበት፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ ጠባሳ ሰርቶ ይቀራል፣ መድሃኒት የለውም። ምላጩ ላይ ከሃይላንድ በተቀዳች ውሃ ጠብ ጠብ ቢደረግ አብዛኛው እዛው ጭቃ ሆኖ ይቀር ነበር። በአንድ ሃይላንድ ውሃ ነው እንግዲህ የነዚህ ልጆች ጤና የተሸጠው።

የገልባጮቹ ነገር አጭር ነው። ጭነት በሸራ ይሸፈናል፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ተብሎ ይነዳል፣ አለቀ። ይሄ ምን ጥናት ይፈልጋል? ጎረቤታችን ያሉ እትዬ የዓመት በርበሬያቸውን ግቢ አስጥተው ሲኖው በአጥራቸው ስር አልፎ አፈር ደፋበት፣ እፍኝ አንስተው አሳዩኝ፣ ቀዩ በርበሬ ግራጫ ሆኗል፣ በጥርስ ሲነካ ይንቀጫቀጫል። ማን ይተካላቸው?

የሌሊቱም ስራ እንደዛው። ሀያ አራት ሰዓት እንሰራለን ማለት እንደ ጀብዱ ይወራል። የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መስፈርት ለመኖሪያ ሰፈር በሌሊት የሚፈቅደው ድምጽ 45 ዴሲቤል ነው፣ ጃክ ሃመር አጠገቡ ለቆመ ሰው ወደ 100 ይጠጋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁም 300/1995 ድምጽን ረስቶ አላለፈም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይላል፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ህዝብ ሀሳቡን እንዲሰጥ ያዛል፣ ሀሳብ የሚሰጠው ደግሞ ቤቱ ስር ከተቆፈረ በኋላ አይደለም።

መንገዱ አይሰራ ያለ ሰው የለም። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛው ነን፣ የእግረኛ መንገድም መብራትም እንፈልጋለን። አቤት ያለን ሰው ሁሉ የልማት ጠላት ማድረግ ግን የሰነፍ መልስ ነው፣ ስራውን በአግባቡ የሚሰራ ሰው እንዲህ አይነት መልስ አያስፈልገውም።

አሁን ስራው ወደ ላይኛው ሰፈር ሊሻገር ነው እየተባለ ነው። ከዛ በፊት ሌላ ስብሰባ ይጠራልን፣ ሀላፊው ፋሲልን ትቶ ውሉን ይዞ ይምጣ፣ ስለ አቧራና ስለ ሸራ ኮንትራክተሩ ምን ብሎ እንደፈረመ እዛው ፊታችን ያንብብልን። ገንዘብ ተይዞለት ከሆነ የት እንደገባ ይንገረን፣ አልተያዘም ከተባለም ማን እንደሰረዘው። ቦቴውም ከነገ ጠዋት ጀምሮ ዳምጠውን አጠጥቶ ሲጨርስ በኛ በኩል ይለፍ።