ቧንቧ ልመና

ኧረ ጎበዝ፣ ያ የላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት! እጄ ገና አልደረቀም ልላችሁ ነበር፣ ግን መጀመሪያ መች ረጠበና።

ጋቢ የለበሱ አንድ አባት፣ እጅ ሲያይ ራሱ ይከፈታል በተባለው ቧንቧ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰልፍ ነው። 10 ብር ተቀባይዋ ልጅ ከበሩ ላይ ሆና አስተማሪ ሆናለች።

«አባባ፣ አይንኩት! ሴንሰር ነው እኮ!»
«መች ነካሁት ልጄ፣ ዘረጋሁለት እንጂ።»
«ዝቅ ያድርጉት። ኧረ በጣም ወረደ! ትንሽ ከፍ!»
«በስተርጅና ቧንቧ ልለምን?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አፍረው እጃቸውን ሲሰበስቡ የጋቢያቸው ጫፍ በቧንቧው ሥር አለፈ። ፏ! ጋቢው እስከ ክንድ ራሰ፣ እጃቸው እንደደረቀ ቀረ። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አዩ፣ እርስዎ አልቻሉበትም እንጂ ይሠራል።»

አልቻሉበትም! የ70 ዓመት ሰው እጅ መታጠብ አልቻለበትም!

ሴንሰር የሚሏት፣ ቧንቧው ላይ ያለችው ጥቁር መስታወት ዓይን ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን ትለቃለች፣ ከእጅ ላይ ነጥሮ ሲመለስላት ነው ቫልቩን ክፈት የምትለው። የሳሙና ቅሪትና ነጭ የውሃ ዝቃጭ ሲጋገርባት ግማሽ ዕውር ትሆናለች። ያኔ ጠይም እጅ የሚመልስላት ብርሃን አይበቃትም፣ ነጭ ጥጥ የሚመልሰው ግን ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያዞረውን ቪዲዮ አስታውሱ፤ የሳሙና ማሽኑ ለጥቁሩ እጅ እምቢ ብሎ ለነጭ ሶፍት ሲያፈስ። የኛው ደግሞ ጋቢ መረጠ። መድኃኒቱ እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ በየቀኑ። የሕንፃው ሰዎች ግን በሽቦ ይፈትጉታል፤ አንዴ ከተጫረ ወዲያ ዓይኑ አይድንም።

ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው። አጠገቡ ያለው ቧንቧስ? ከጠዋት ጀምሮ ይፈሳል፣ የሚዘጋው የለም። በደቂቃ 6 ሊትር ብቻ ቢፈስ እንኳ 2,000 ሊትር ሮቶ በ5 ሰዓት ተኩል ባዶ ነው። «ውሃ ቆጣቢ» የሚል ስቲከር ደግሞ መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል፤ ሳቅ ነው የሚመጣብህ።

ለምን አይዘጋም? በኤሌክትሪክ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቫልቭ ውስጥ ያለው ስስ ጎሚኒ (ጎማ) መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለችው። በሷ በኩል ወደ ላይ የሚያልፈው ውሃ ነው ጎሚኒውን ተጭኖ የሚዘጋው። ቀዳዳዋን አሸዋ ከያዛት ግፊት ስለማይጠራቀም ቧንቧው እንደተከፈተ ይቀራል። አሸዋው ከየት መጣ አትበሉኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ቀኑ ደርሶ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ጭቃ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። አሮጌ ቧንቧ ከሆነ ዝገቱን ጨምሩበት። ቧንቧው ሲገጠምም መስመሩን በባልዲ አፍስሶ ማጠብ ይቀድማል፣ ያለዚያ የቴፍሎን ብጥስጣሽ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ማን ያጥባል? ለምረቃው መድረስ አለበታ!

ከቫልቩ በፊት እኮ ትንሽ ወንፊት አለች! አንግል ቫልቩን (ሲንኩ ሥር ያለውን የውሃ መዝጊያ) ዝጋ፣ ፍሌክሲብሉን (ተጣጣፊውን ቱቦ) ፍታ፣ ወንፊቷን አውጥተህ እጠብ። ነጭ ዝቃጭ ከያዛት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋት። የአፉንም ወንፊት እንደዚያው። 15 ደቂቃ አይፈጅም፣ ባይሆን በወር አንዴ። ይልቅ ምን አደረጉ? ፌስታል ጠቀለሉበትና «አይሠራም» ብለው ጻፉበት። ሥራው አለቀ።

ግፊቱስ? አብዛኞቹ ሴንሰር ቧንቧዎች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያለ ፓምፕ ሮቶው ከቧንቧው 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ግን ሮቶው ያለው ጣሪያው ላይ፣ ከራስህ በላይ 2 ሜትር ነው። 0.2 ባር! ወይ አይከፍትም፣ ወይ አጥብቆ አይዘጋም። ምድር ቤት ሲሞክሩት እንደ ጉድ ሠርቶላቸው ለሁሉም ፎቅ ገዙ።

ባትሪውም ያው ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ባለ 1.5 ቮልት አልካላይን ያስፈልገዋል፣ 6 ቮልት። እነሱ ከሱቅ ርካሿን የባትሪ ድንጋይ፣ ያውም ሁለት አሮጌ ሁለት አዲስ። በሳምንታት ውስጥ ትደክምና አፏ ፈስሶ ሳጥኑን ትበላዋለች። በመብራት የሚሠራውንማ አታንሱብኝ፣ መብራት ሲሄድ ውሃም አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ሰው ገና ተቀምጦ ሳለ ባለ ሴንሰሩ ሽንት ቤት ሦስቴ ውሃውን ራሱ ለቀቀ። በአንዴ 6 ሊትር። ተውት።

ንጽሕና ነው ይሉሃል። አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው ፍተሻ፣ ከሴንሰር ቧንቧዎቹ ከተወሰደው ናሙና ግማሹ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘበት፣ በእጅ ከሚከፈቱት ቧንቧዎች ግን 15 በመቶው ብቻ። ውስጡ ያለው ክፍልፋይ ለጀርም መደበቂያ ሆኗል ተብሎ ተጠረጠረ። እዚህማ ምንም ሳትነካ ታጥበህ (ከታጠብክ!) ስትወጣ የሚጠብቅህ የሁሉም ሰው እጅ ያለበት የበር እጀታ ነው።

በ2012 ኮሮና ሲገባ ብየዳ ቤቶች በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ ሠርተው በየበሩ አላቆሙም? ባትሪ የለው፣ ዓይን የለው፣ እግርህን ስታነሳ ይዘጋል። ካልሆነም ተጭነኸው በሰከንዶች ውስጥ ራሱ የሚዘጋው ፑሽ ቧንቧ አለ፣ ጎሚኒው ቢበላ ማንም ሠራተኛ ይቀይረዋል። ግን አያብለጨልጭማ! ኪራይ አያስጨምርም!

ለማንኛውም አባባ በመጨረሻ በጆግ ታጠቡ። ሲንኩ ሥር ከተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ያቺው ልጅ ቀድታ አፈሰሰችላቸው። ሳሙና ጠየቁ።

«እዚያ ጋ አለልዎት አባባ። እሱም ሴንሰር ነው።»