ጠያቂ ሞልቶ ተረካቢ ሲጠፋ

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ የታመመ ሕፃን ያለበት ቤት ጠያቂ አያጣም። አንዷ ስኳር ይዛ፣ ሌላዋ ቡና ቋጥራ ትመጣለች። «አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል» የምትለዋም «ማርያም ትማረው» የምትለዋም አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እናት ልጇን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች በሌላው ረከቦቱን ታቀርባለች። አቦሉ ወርዶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ጠያቂ መርቆ ሲወጣ የሚታጠበው ሲኒ ለእሷ ይቀራል፣ ልጁም እንደታቀፈ ነው።

ከስቶክሆልም ወይም ከለንደን ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሰዉ ፍቅር ልቡን ይነካዋል። ሰንበት ሲል ግን የሚጎድለው ይታየዋል፦ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጁን ተቀብሎ «አንቺ ሂጂና ተኚ» ማለት የሚችል የለም። ሰዉ ጨክኖ አይደለም። መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ሲያንቀጠቅጠው ምን እንደሚደረግ፣ ወተቱ ለምን ትን እንደሚለው የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። አብሯት የሚቀመጥ ሞልቷል፣ የሚተካት የለም።

ውጭ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፣ ተተኪ ግን በሕግ አለ። ስዊድን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሕግ፣ ለሚያካትታቸው ቤተሰቦች ወላጁን እቤት መጥቶ የሚያሳርፍ ሰው እና ልጁ ለአጭር ጊዜ ከቤት ውጭ የሚቆይበትን ቦታ እንደ መብት ደንግጓል። በእንግሊዝም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ የአካባቢ አስተዳደሮች የቀን፣ የሌሊት፣ የሳምንት መጨረሻና የትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ እገዛ እንዲያዘጋጁ ያዛል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ስቴቱ ይለያያል፣ ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን በኩል የተተኪ ሰዓት የሚፈቀድላቸው አሉ፣ ወረፋው ዓመታት የሚወስድበትም አለ።

ልጅን ተረክቦ ወላጅን የማሳረፍ ሐሳብ ግን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ላይ በ1982 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሔለን ሃውስ በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሆስፒስ፣ ማለትም በጽኑ የታመሙ ልጆች የሚታገዙበት ቤት ነው። ከሕንፃው በፊት የነበረው አንድ ደግነት ነው። ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የተባሉ የአንግሊካን መነኩሲት በአንጎል ዕጢ ክፉኛ የተጎዳች ሕፃን ወላጆች አረፍ እንዲሉ ልጅቷን አልፎ አልፎ ገዳማቸው ወስደው ያስታምሟት ነበር። ቤቱ የተሰየመውም በልጅቷ ስም ነው። መነኩሲቷ ያደረጉት አንዲት አክስት ደሴ አጠገብ ኩታበር ላይ ልታደርገው የምትችለውን ነው።

በስደት ያሉ እናቶቻችን ይህን መብት ሳይጠቀሙበት የሚቀሩበት ምክንያት ያሳዝናል። ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት እንደ መጣል ይቆጠራል፣ «ደከመኝ ካልኩ ልጄን ይወስዱብኛል» የሚል ፍርሃትም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የአነጋገራችን ነገር ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ «ሌሊት እንዴት ናችሁ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይሆናል። ሠራተኛዋ የሰማችውን ትጽፋለች፣ የሚፈቀደው ሰዓትም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቀጠሮው በፊት ለ7 ቀን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ አንዱ መመገብ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ልጁ ስንት ጊዜ እንዳንቀጠቀጠው መዝግቦ ወረቀቱን ማቅረብ ያስፈልጋል። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፣ ወረቀቱ ለቢሮው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ወሎ እናትን ማሳረፍ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። አራስን እንዴት እንደሚያሳርፍ እናውቃለን። ገንፎው በሌላ ሰው እጅ ይገነፋል፣ ልብሷ በሌላ ሰው እጅ ይታጠባል፣ ብድግ ስትል ይቆጧታል። ሐዘን ሲደርስም ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ ውኃውን ይቀዳል። ሁለቱም የሚያልቁበት ቀን ስላላቸው ሰዉ ጉልበቱን ሳይሰስት ይሰጣል። የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት የሁለት ዓመት ልጅ ግን የማብቂያ ቀን የለውም። ጥየቃው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጎርፋል፣ ከዚያ ይሳሳል፣ አብዛኛው ቅሬም ለሞት እንጂ ለሕመም ደንብ የለውም። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መሞከር ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፣ ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ መተጋገዝ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የመድኑ ደብተር ግን የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው። የእናትን እንቅልፍ የሚሸፍነው ጎረቤት ነው፣ እሱም ሲማር።

እንዴት ይማራል? ተረካቢ ሁለት ሰው ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነች በሐዘን ወይም በጉንፋን ምክንያት ትቀርና እናት ያሰበችው ቀን ይሰረዛል። ሲመረጡ ፍቅር ብቻ አይበቃም፦ ስትደነግጥ እጇ የማይተሳሰር፣ ስልክ የምታነሣ፣ ማንበብ የምትችል ወይም የሚያነብላት ልጅ እቤት ያላት፣ በዚያን ቀን የማያስላት። ሰውነቱ የሚገተር የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላልና አያት ብቻዋን ማንሣት መቻሏም ይታሰብበት። መጀመሪያ ቀን ተረካቢዋ ታያለች። በሌላ ቀን እሷ ትሠራለች፣ እናት እጇን አጣጥፋ ታያለች፤ ለእናት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከዚያ እናት ጎረቤት ሄዳ አንድ ሰዓት ትቆያለች፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን። ሌሊት የመጨረሻው ነው፣ ከእንቅልፍ መካከል የልጁን ድምፅ መለየት ጊዜ ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መድኃኒቱ ላይ ነው። የስልክ ሰዓት 7:00 ሲል እኛ 1 ሰዓት እንላለን። ከውጭ ያለ ዘመድ «በ7 እና በ7» ብሎ የላከውን አያት ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት ትሰጠዋለች፣ የጠዋቱ እንደተዘለለ ነው። ስለዚህ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ተብሎ ለተረካቢዋ በሚተወው ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፣ «ከመግሪብ በኋላ» የሚል ቢታከልበትም ይጠቅማል። ሽሮፕ ከሆነ የቤት ማንኪያ አይታመንም፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወስዶ ልኩ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ነው። አዲስ ጠርሙስ በተገዛ ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ከድሮው ጋር ይተያይ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ጥንካሬው የሚለያይ አለ። ኪኒን የሚከፈል ከሆነ ፋርማሲስቱን አማክሮ የተከፈለውን ቀድሞ በወረቀት ጠቅልሎ «ጠዋት»፣ «ማታ» ብሎ መጻፍ። ሰጪዋ አንድ ሰው ብቻ ትሁን፣ እንደሰጠችም ምልክት ታድርግ። አያት ሰጥታ አክስት የደገመችው መጠን ልጁን ሊያፈዘው፣ ትንፋሹንም ሊያዳክም ይችላል። ቢያስመልሰው ይደገም ወይስ ይቅር የሚለው አስቀድሞ ሐኪም ተጠይቆ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እናት ዞር ስትል «እስቲ ጠበል ይሞከርለት» ወይም «መድኃኒቱን ተዉትና ዱአ ይደረግለት» የሚል ዘመድ ይነሣል። ጠበሉም ዱአውም ይሁን፣ ማንም አይከለክልም፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የሚከተለው መንቀጥቀጥ ከበፊቱ ሊጠናና አልቆም ሊል ይችላል።

ሲጥለው በጎን ማስተኛት፣ አካባቢውን ማጽዳት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ካለ ማላላት፣ ሰዓት ማየት ነው። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፣ እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝም አይገባም። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወዲያው ሆስፒታል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ስልክ ወረቀቱ ላይ ይኑር። የልብ ሕመም ላለበት ልጅ የሚጻፈው ሌላ ነው፦ ከንፈሩ መጥቆር፣ ሲመገብ ላብ ማጥመቅ፣ ትንፋሽ መፍጠን።

መዋጥ የሚቸግረው ልጅ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሎ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ይመገባል፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተልም። ውኃና ቀጭን ወተት ከወፈረ አጥሚት ይልቅ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባሉ። እያለቀሰ፣ እያንቀላፋ ወይም ካንቀጠቀጠው በኋላ በደንብ ሳይነቃ አይመገብ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ ይቆይ። ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ ወይም ካሳለው ማቆም ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ለብርዱ ተብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት የሚዘጋበት ቤት አለ። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ቡናውና ዕጣኑም ልጁ ከሌለበት ክፍል ይሁን።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለምርመራና ለመድኃኒት ነው፣ እናት ረቡዕ ከሰዓት እንድታርፍበት ተብሎ ሲላክ አይታይም። መላክ ተገቢ ነው፣ ግን ልጁን የምትይዘው ተቀጣሪ ባትሆን ይሻላል። የቤት ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ትለዋወጣለች፣ የተማረችውም አብሯት ይሄዳል። ክፍያው እንጀራ ለምትጋግረውና ልብስ ለምታጥበው ይሁን፣ ልጁን ዘመድ ይያዝ። ዘመዲቱ ምጣዱንም ልጁንም አንድ ላይ ከያዘች ከሁለቱ አንዱ ይቃጠላል።

እናት ስትወጣ ተደብቃ አትውጣ። ዞር ሲል ያጣት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ቀሚሷን አይለቅም። «መጣሁ» ብላ፣ ስማው፣ ትሂድ፣ ቢያለቅስም። ስትመለስ «ደህና ነበር?» ብላ አትጠይቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና» ነው። ስንት ማንኪያ በላ፣ መቼ ሸና፣ ስንት ደቂቃ አንቀጠቀጠው ብላ ወረቀቱን ትይ።

የሐይቅ ዳርቻም፣ የባቲ ሰኞ ገበያም፣ የግሸን ጉዞም ይቆይ። ለመጀመሪያው ቀን ከጎረቤት መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሁለት ሰዓት መተኛት በቂ ነው፣ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ከትራሱ አጠገብ ይሁን። ምልክቱም አስቀድሞ ይነገር፦ አንድ ሚስኮል «ጥያቄ አለኝ፣ ደውዪ»፣ ተከታትሎ የመጣ ሁለት ሚስኮል «ነይ»።