መርዝ ለምን?

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ያለው የቆሻሻ ገንዳ ሥር አንዲት ውሻ ሞታ አገኘሁ። አፏ ላይ አረፋ ደርቋል። ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ቡችሎች የቀዘቀዘ ጡቷን ይጠባሉ። አንጀቴ ተላወሰ።

የሰፈር ውሾችን በመርዝ የሚገድሉት ሰዎች «እብድ ውሻ እንዳይነክሰን ነው» ይላሉ። በሽታው ያስፈራል፣ ይገድላልም። ግን የሚያቆመው ክትባት ነው! ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ ስርጭቱ ይገታል። መርዝ የተከተበውንም ይፈጃል፤ ቦታውን ሌላ ያልተከተበ ይይዘዋል።

ጎረቤቴ ደግሞ በስንት ሺህ ብር የፈረንጅ ውሻ ገዝቶ፣ ደጁ የምትተኛዋን የሐበሻ ውሻ በድንጋይ ያባርራል። ያቺ እኮ ፍርፋሪ በልታ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር የምትጠብቅ ናት! አንዷን አስገብቶ፣ አስከትቦና አስመክኖ ማሳደግ ምን ይከብዳል?

ቡችሎቹን በካርቶን ይዤ ገብቻለሁ። ሌሊቱን በሲሪንጅ ላጠባቸው ነው። ሁለቱን የሚወስድልኝ ሰው እፈልጋለሁ።