ማስተካከያ፦ በለንደን የኤልሳቤጥ መስመር ስለ መሳፈር

በለንደን የኤልሳቤጥ የባቡር መስመር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዝ ሰው በሁሉም ጣቢያዎች ያለማንም እርዳታ መሳፈር እንደሚችል ቀደም ሲል የተገለጸው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የዚህ መስመር 41ዱም ጣቢያዎች ከመንገድ እስከ መሳፈሪያው መድረክ ደረጃ መውጣትም ሆነ መውረድ አያስፈልጋቸውም። ይሁን እንጂ የመድረኩና የባቡሩ ወለል እኩል የሆነው ከፓዲንግተን እስከ ዉልዊች ባሉትና በሄትሮው አየር ማረፊያ ጣቢያዎች ነው፤ በቀሩት ክፍተትና የከፍታ ልዩነት ስላለ ሠራተኛ ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ሊዘረጋ ይገባል። በለንደን የባቡር ካርታ ላይ መደቡ ሰማያዊ የሆነው የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለ ደረጃ እስከ ባቡሩ መድረስ ይቻላል፣ መደቡ ነጭ የሆነው ደግሞ እስከ መድረኩ ብቻ ማለት ነው፤ የምልክቶቹ ልዩነት ለዓይን ትንሽ ቢመስልም እሱን ማወቅ የሕፃን ጋሪ ለሚገፉ ወላጆች ጭምር ይጠቅማል።